«ልሂድ» አላልኩም ነበር

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

እንዴት ከርመሻል? ሥራው እንዴት ይዞሻል? እናትሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ለወጉ አይደለም፤ እውነቴን ነው።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰምቼዋለሁ። የሰማሁት ያኔውኑ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መጨረሻው ላይ «አንቺም በድምፅሽ መልሺልኝ፣ ድምፅሽ ናፍቆኛል» ብለሽ ነበር። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ጋ ነው። መቅጃውን ተጭኜ እጀምራለሁ፤ ስምሽ ላይ ስደርስ ይይዘኛል፤ አጠፋዋለሁ። እንደገና እጀምርና ስምሽን ዘልዬ በቀጥታ «እንዴት ነሽ» እላለሁ፤ ለማላውቀው ሰው የማወራ ይመስለኛል፤ እሱንም አጠፋዋለሁ። ቀኑ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያ በኋላ መዘግየቱ ራሱ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ሆነ። ያኮረፍኩ መስሎሽ እንደሚሆን እገምታለሁ። አላኮረፍኩም። በጽሑፍ ልመልስልሽ እንዳልል ደግሞ ለምን በድምፅ እንዳልመለስኩ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ያን መናገር ማለት ደግሞ ይህን ሁሉ መጻፍ ማለት ነው። ይኸው እንግዲህ፤ ረጅም ስለሆነ ተመቻችተሽ ቁጭ በይ።

«መንተባተብሽን መች አጣሁትና!» ትይኝ ይሆናል። ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ግን የምታውቂው የሰማሽውን ነው። ያልሰማሽው ይበልጣል።

አንድ ቃል ሊይዘኝ ሲል ገና ሳልደርስበት ይታወቀኛል። እንዴት እንደሚታወቀኝ ላስረዳሽ አልችልም፤ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ አልሳሳትም። ያኔ አፌ የጀመረውን እየተናገረ ሐሳቤ በጎን ሌላ ቃል ፍለጋ ይሮጣል። «መኪና» ሊይዘኝ ከሆነ «ተሽከርካሪ» እላለሁ። «ዶክተር» ካስፈራኝ «ሐኪም» አለልኝ። «ትናንት» አልወጣ ካለ «በቀደም» ብዬ ቀኑን እዋሻለሁ። አንድ አለቃዬ «አማርኛሽ እንዴት ያምራል! መቼም ብዙ ሳታነቢ አትቀሪም» ብሎኝ ያውቃል። አመሰገንኩት። ያን ሁሉ ቃል ያጠራቀምኩት በፍርሃት መሆኑን ምን ብዬ ልንገረው?

ቃል መለዋወጡ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልከፋ። ክፍል ውስጥ አብጠርጥሬ የማውቀውን ጥያቄ «አላውቀውም» ብዬ ተቀምጫለሁ፤ «አላውቀውም» ይወጣልኛላ። የማልፈልገውን ነገር የገዛሁት ስሙ ስለቀለለኝ ነው። ስብሰባ ላይ የያዝኩትን ሐሳብ ሌላ ሰው እስኪያነሳው ጠብቄ ራሴን ነቅንቄያለሁ። ስልክ የማይበዛበትን ሥራ እየመረጥኩ ተወዳድሬ «የምወደው ዘርፍ ነው» ብያለሁ። እንዲህ የሚኖር ሰው ከውጭ ሲያዩት ጭምት ወይም ኩሩ ይመስላል። ከሁሉ የሚያደክመኝም ማንም ሳያውቅብኝ የዋልኩበት ቀን ነው። የተንተባተብኩበት ቀን እንኳ እንደዚያ አያደክመኝም።

ስም ግን ምትክ የለውም። የእኔ ደግሞ ከንፈር በሚያዘጋ ፊደል ይጀምራል፤ እናትና አባቴ ሲያወጡልኝ ምን ያውቃሉ! «በየተራ ራሳችንን እናስተዋውቅ» ሲባል፣ ተራው እኔ ጋ እስኪደርስ ከፊቴ ያሉት ሰዎች ያሉትን አንዱንም አልሰማም፤ የሁሉም ስም ያመልጠኛል። አንድ ሥራ ልጠየቅ የገባሁበት ቦታ ስሜ አልወጣ ብሎኝ ስታገል ከጠያቂዎቹ አንዱ ሳቅ ብሎ «ስምሽን ረሳሽው እንዴ?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊያቀለው ብሎ ነው። እንደኔ ያሉ ሰዎች ጋ ስንጫወት ይህችን ቀልድ ያልሰማ አላጋጠመኝም።

መንተባተብ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው «በ-በ-በ» እያለ የሚደጋገመው ነው። እሱ ቀላሉ ነው። «ስስስስ» እያለ ድምፁ የሚጎተትም አለ። የእኔ ዋናው ሦስተኛው ነው፤ ቃሉ ጭራሽ የሚታገድበት። አልረሳሁትም፤ ምን እንደምል ከማንም በላይ አውቃለሁ። ከንፈሬ ግጥም ይላል፣ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ ትንፋሼ ከኋላ ይገፋል፤ ምንም አይወጣም። ፊት ለፊቴ የቆመ ሰው ዓይኔ ሲጨፈን፣ አገጬ ሲንቀጠቀጥ ስለሚያይ አንድ ነገር እንዳለ ይገባዋል። በስልክ ግን የሚሰማው ባዶ ነው። «ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም» ብሎ ይዘጋዋል። መልሼ ስደውል ሁለተኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም አሁን ቅድም የዘጋብኝ ሰው ነው የሚያነሳው። ይባስ ብሎ ማሽን መጣ፤ «እባክዎ ስምዎን ይናገሩ» ይልሽና ገና ስትጀምሪ «ይቅርታ፣ አልተረዳሁም» ይልሻል። በሰው ቢሆን እንኳ መናደድ ይቻላል።

ምክር ደግሞ ሞልቷል። «ተረጋጊ»፣ «ትንፋሽ ውሰጂ»፣ «አስበሽ ተናገሪ»። ተረጋግቼም፣ ተንፍሼም፣ አስቤም እንደምንተባተብ የሚያምነኝ የለም። ፍርሃት ያባብሰዋል፤ አይፈጥረውም። የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ልጅ ቃላትን ማያያዝ ሲጀምር ነው። ከመቶ ልጆች ቢያንስ 5 ያህሉ በሆነ ወቅት ይንተባተባሉ፤ ከአራቱ ሦስቱን ያህል በጊዜ ብዛት ይለቃቸዋል። አዋቂ ሆነን ከእኛ ጋር የሚቀረው ከመቶ 1 ገደማ ላይ ነው። ሴቶችን ይበልጥ ስለሚለቅ፣ ከአዋቂዎቹ መካከል ለአንዲት ሴት አራት ያህል ወንዶች አሉ። በሌላ ዕጣ እንዲህ ዕድል ቀንቶኝ አያውቅም።

በዘርም ይሄዳል። አጎቴን ታስታውሺው የለ? ሁልጊዜ በአጭሩ የሚመልሰውን? እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው የዴኒስ ድሬይና ቡድን በሦስት ጂኖች ላይ ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ለውጦች ማግኘቱን አስታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላም ተገኝቷል። ጂን ሁሉንም ነገር አያስረዳም፤ ለእኔ ግን አንድ ጥቅም ሰጥቶኛል። እናቴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሕፃን ሆኜ ጮኻብኝ በድንጋጤ የመጣብኝ ይመስላት ነበር። ይህን ያህል ዘመን ለማንም ሳትናገር ይዛው ኖራለች። ቁጭ ብዬ ሳስረዳት አንድም አልመለሰችልኝ፤ ተነስታ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች። ገብቷታል።

እናቴን አልፈርድባትም፤ እንደሷ ያሰቡ ምሁራንም ነበሩ። ዌንዴል ጆንሰን የሚባል፣ ራሱም የሚንተባተብ፣ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ሰው ችግሩን የሚፈጥረው ልጁን «ተንተባተብክ» ማለቱ ነው ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ሜሪ ቱዶር የተባለች ተማሪው ይህን ለመፈተን አንድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገብታ 22 ልጆች ላይ ሙከራ አደረገች። ከእነሱ መካከል አነጋገራቸው ደህና የነበረ 6 ልጆችን እየተንተባተባችሁ ነው፣ በትክክል ካልሆነ አትናገሩ እያለች ወራት አሳለፈች። ልጆቹ ተንተባታቢ አልሆኑም። ግን ዝም አሉ። ክፍል ውስጥ መመለስ ተዉ፣ ሰው ፊት አፍ መክፈት አሳፈራቸው። ነገሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት እምብዛም ሳይወራ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ።

ይህን ባነበብኩበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እነዚያ ልጆች ሳይንተባተቡ የእኔን ኑሮ ኖሩት። ከእኔ ሕይወት ላይ «በ-በ-በ»ውን አውጥተሽ ቀሪውን ብትሰጫቸው ያው እሱ ነው፦ ቃል መሸሽ፣ ከኋላ መቀመጥ፣ «አላውቀውም» ማለት። መንተባተብና መንተባተብን መደበቅ ለየቅል መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው። ዕድሜዬን የበላው ደግሞ መደበቁ ነው።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ ዘንድ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ታጠፋልኛለች ብዬ ነበር የሄድኩት። አዋቂ ላይ የቆየን መንተባተብ ነቅሎ የሚጥል ሕክምና እንደሌለ፣ ክኒንም እንደሌለው ገና በመጀመሪያው ቀን ነገረችኝ፤ ስላልዋሸችኝ ተመልሼ ሄድኩ። አንድ ገጽ ሰጠችኝና ሁለታችን እኩል ጮክ ብለን አነበብነው። አንዴም አልያዘኝም! «አሁን ብቻሽን» አለችኝ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆምኩ። ከሌላ ሰው ጋር እኩል ስናነብ፣ ስንዘፍን፣ ለብቻችን ስናወራ፣ ለሕፃን ወይም ለድመት ስንናገር አብዛኞቻችንን ይለቀናል። ምላሴ ምንም አልሆነም ማለት ነው። የሚቸግረኝ እኔ ብቻዬን ለሚያዳምጠኝ ሰው የራሴን ነገር ለመናገር ስነሳ ነው።

የቤት ሥራዋን ስነግርሽ ትስቂያለሽ፤ ሆን ብለሽ ተንተባተቢ አለችኝ። ሱቅ ግቢ፣ ያልያዘሽን ቃል እንደያዘሽ አድርጊው፣ ግን ሳትታገይ፣ አላልተሽ። ይህን መንገድ በስፋት ያስተማረው ቻርልስ ቫን ራይፐር የሚባል፣ እሱም ሲንተባተብ የኖረ ሰው ነው። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ላለመንተባተብ ከመታገል ይልቅ ሳይታገሉ መንተባተብን መልመድ ነው። ቃሉ ሲይዘኝ ገፍቼ ሰብሬው ልወጣ አልሞክርም፤ እዚያው ቆሜ የቱ ጋ እንደጠበቀ አዳምጥና ቀስ አድርጌ እለቀዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር የገባሁት። ሻጩ ጠበቀኝ፣ ሰጠኝ፣ ሌላ ሰው ማስተናገድ ጀመረ። በቃ ይኸው ነው? ስፈራው የኖርኩት ይህንን ነው?

ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም፤ አላታልልሽም። ዘዴው አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ከነመኖሩም ይረሳኛል። ራሱ መንተባተቡም ይለዋወጣል፤ ሰኞ እንደ ልቤ ተናግሬ ማክሰኞ ስሜን ማለት ያቅተኛል። «ትናንት እኮ ደህና ነበርሽ» ይሉኛል፤ የማስመስል ይመስላቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሊያጽናናኝ ሲል የእንግሊዙን ንጉሥ ጆርጅ 6ኛን ይጠቅስልኛል፤ ሌላው ጆ ባይደንን። እግዜር ይስጣቸው፤ እኔ ግን ዙፋንም ሥልጣንም አልጠየቅኩም። የፋርማሲዋ ልጅ የመድኃኒቱን ስም እስክጨርስ ብትጠብቀኝ ይበቃኛል።

አሁን ለሥራ ስጠየቅ ከበሩ እንደገባሁ «እኔ እንተባተባለሁ፤ አንዳንድ ቃል ጊዜ ይወስድብኛል፤ ጠብቁኝ» እላለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ራሷን ስናገራት ይይዘኛል፤ ይያዘኝ፣ ማስረጃ ይሆነኛል። ከተናገርኳት በኋላ የምደብቀው ስለማይኖር ትከሻዬ ይወርዳል። አንዱ ቦታ ይህን ስል ሰውየው ሰዓቱን ሲያይ አይቼዋለሁ፤ ሥራውንም አልሰጡኝም። አሁን ያለሁበት ቦታ ግን ጠያቂዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አዳመጠችኝ። ስልክ አለበት ሥራው፤ አውቄ ነው የገባሁበት።

ስለ ፍቅር ትጠይቂኛለሽ፤ አውቅሻለሁ። አለ አንድ ሰው። ስንተዋወቅ ስሜ ላይ ተያዝኩ፤ እሱ ስልኩን አልነካካም፣ ፈገግም አላለም፤ ጠበቀኝ። ቀሪውን ሌላ ጊዜ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ ደብዳቤው ሁሉ ወደዚህ ለመምጣት ነው።

ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «አለች!» የምትይልኝ አንቺ ነበርሽ። ቆይተሽም አስተናጋጅ ሲመጣ ለእኔ የምታዥልኝ፣ መንገድ የምትጠይቂልኝ፣ ያቃተኝን ቃል የምትጨርሺልኝ አንቺ ነሽ። ሙሴ አፌ ኮልታፋ ነው ቢል አሮን ተሰጠው፤ ለእኔ አንቺ ተሰጠሽኝ። ያን ውለታሽን አልረሳውም፤ ያኔ ያላንቺ ትምህርት ቤቱን አልችለውም ነበር። ግን አሮንም ብቻውን ሲቀር ጥጃ መሥራቱን አትርሺ።

ከመሄድሽ በፊት የነበረው ምሽት ትዝ ይልሻል? ሻንጣሽ ገና አልተዘጋም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን ነበር። «ል… ል…» እያልኩ ስታገል ፊቴን አይተሽ ሆድሽ ባባና «ልሂድ? አዎ መሽቶብሻል፣ ሂጂ በቃ፣ ነገ እንደዋወላለን» አልሽኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ። «ልሂድ» አላልኩም ነበር። ልል የነበረው «ልንገርሽ» ነው። ልነግርሽ የነበረውም ይኸው እስካሁን የጻፍኩልሽ ነው፤ ያን ጊዜ ያወቅኩትን ያህል። አልተቀየምኩሽም። አንዴ የተሰጠኝን ቃል ለማረም ሌላ ቃል መጀመር ነበረብኝ፤ ከዚያ መሄድ ቀለለኝ።

ያን ምሽት ብቻም አይደለም። ስትጨርሺልኝ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነሽ፤ ልክ ስትሆኚ ቃሉ የአንቺ ሆኖ ይቀራል። ስትስቺ ደግሞ የተሳተውን ይዤ እሄዳለሁ። የማልወደውን ቀለም እንደምወድ፣ ባልሄድኩበት ቦታ እንደነበርኩ፣ ያልተናደድኩበትን እንደተናደድኩ ሆኜ የኖርኩበት ጊዜ አለ፤ አንቺ ጋ ያለችው እኔ ግማሿ በአንቺ የተጨረሰች ናት። ጠቅላላውን ብታውቂኝ ምናልባት ትገረሚ ይሆናል፤ ነገረኛ ነኝ እኮ! ቃል ስላጠረብኝ እንጂ።

ስለዚህ ስንገናኝ ቃሉን ብታውቂውም ለራስሽ ያዢው። «አይዞሽ» አትበይኝ፣ ዓይንሽንም ወደ መስኮት አታሽሺ፤ ከሌላ ሰው ጋር ስታወሪ እንደምታይው እዪኝ። በሰዓት ቢለካ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ለሁለታችንም የሚረዝምብን ስለምንጨነቅ ነው። አንዳንድ ቀን በጣም ደክሞኝ «ጨርሺልኝ» ልልሽ እችላለሁ፤ ያኔ ጨርሺልኝ። ሌላው ሰው አስተናጋጁም ይሁን ዘመድ ሲቸኩልብኝ ደግሞ አትሟገቺልኝ፤ እኔው እነግረዋለሁ፤ ቆይቶም ቢሆን።

እሑድ ልደውልልሽ አስቤያለሁ። ስታነሺው ምንም ካልሰማሽ መስመሩ አልተቋረጠም፤ እኔ ነኝ፣ ስምሽ ላይ ነኝ። «ሃሎ፣ ሃሎ» አትበይኝ፤ እሱ ይበልጥ ይቆልፈኛል። የመጀመሪያው ደቂቃ ደስ አይልም፤ ከዚያ ይሻል ይሆናል፣ ላይሻልም ይችላል፤ ለማንኛውም እኔ አልዘጋውም። ያንቺንም መስማት እፈልጋለሁ፤ በመልእክትሽ ላይ ስለ አዲሱ ሥራሽ ጀምረሽ በመሃል የተውሽው ነገር ነበር፣ አለቃሽ ምን አላት ያቺን ልጅ?

ሥራ ላይ ሆነሽ በጥድፊያ እንዳታነሺው፣ ከሰዓት ይሻልሻል ወይስ ማታ? ሰዓቱን ጻፊልኝ።

ያንቺው ጓደኛሽ